አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን

ገለጉ፣ መጋቢት ላይ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። በዚች የቋራ ከተማ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍሉን የውጭ ግድግዳ በሥዕል ሊያስጌጥ ፈልጎ ሥራውን ለአንዲት ወጣት ሰጥቷል። የከተማውን ታፔላ ግማሹን የጻፈችው እሷ ናት፤ አባቷ ጎንደርና አካባቢው ላይ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ በከሰል ስድስት ክፈፍ ተሰምሮበታል። ሊያማክሯት የመጡት ጡረተኛ መምህር ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ሁለት መጻሕፍት ይዘዋል።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ፣ ኮሚቴው የሰጠኝ ወረቀት «ለልጆች የሚሆን ተከታታይ ሥዕል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ የማውቀው ተከታታይ ሥዕል የአባቴን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ ንግሥተ ሳባ አለች። እርስዎ ደግሞ የልጅ ካርቱን ይዘውልኝ መጡ።

መምህሩ፦ ልጆች ያሉበት ነው እንጂ የልጅ አይደለም። ይቺን ሽፋኗ የተገነጠለውን እያት። ጎንደር ስማር የሰላም ጓድ አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ ናት። ያኔ እንግሊዝኛዬ አይረባም ነበር፤ ስለዚህ ቀድሜ ያነበብኩት ሥዕሉን ነው። ጽሑፉ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ሲገባኝ ግን ብዙውን ነገር ሥዕሉ አስቀድሞ ነግሮኝ ኖሯል።

ሠዓሊዋ፦ ስሟ ማን ነው?

መምህሩ፦ «ፒናትስ»። ኦቾሎኒ ማለት ነው።

ሠዓሊዋ፦ ኦቾሎኒ የታለ? እኔ የማየው ራሰ ትልቅ ልጅና ውሻ ነው።

መምህሩ፦ የለም። ስሙን ያወጡት ለጋዜጦች የሚያከፋፍሉት ሰዎች ናቸው፤ ሠዓሊው ቻርልስ ሹልዝ ያንን ስም እስኪሞት አልወደደውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1950 ጀመረ። የመጨረሻው የታተመው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ነው፤ ሰውየው የሞተው በዋዜማው። ጋዜጣው የስንብት ሥዕሉን ይዞ ሲወጣ እሱ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያህል ሥዕሉን የሚሠራለት ረዳት አልነበረውም፤ መስመሩንም ፊደሉንም የሠራው በገዛ እጁ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መስመሩም አብሮት ይንቀጠቀጣል። እንደዚያው እያደረገ ያትመው ነበር።

ሠዓሊዋ፦ ይሄ በብዕር ነው የተሠራው። ሁለተኛው መጽሐፍ ግን በብሩሽ ነው።

መምህሩ፦ በምን አወቅሽ?

ሠዓሊዋ፦ መስመሩን ይዩት እንጂ። ብሩሽ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያነሡት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የነብሩን ጅራት ይዩ፤ እጁን ያነሣባት ቦታ እዚች ጋ ናት።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ። ሹልዝ የብዕሩን ጫፍ ከመውደዱ የተነሣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ሲባል የቀረውን ሰብስቦ ገዝቷል። ባለ ነብሩ፣ ቢል ዋተርሰን፣ የብሩሽ ሰው ነው። እሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ኳሷን ላሳይሽ። ልጁ ቻርሊ ብራውን ይባላል። ይቺ ሉሲ ናት። ሮጦ እንዲመታት ኳሷን መሬት ላይ በጣቷ ደግፋ ትይዝለታለች። ሊመታት ሲደርስ ትስብበታለች፤ አየር መትቶ በጀርባው ይወድቃል። ዓመት ቆይታ ደግሞ ትይዝለታለች። እሱም ደግሞ ይሮጣል። ሉሲ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1999 ድረስ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል።

ሠዓሊዋ፦ አርባ ሰባት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አልመታትም?

መምህሩ፦ ሲመታት ያየ ሰው የለም። በመጨረሻው ዓመት ሉሲ ለምሳ ተጠራችና ኳሷን ለትንሹ ወንድሟ ሰጥታ ገባች። ወንድሟ ሲመለስ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሊነግራት አልፈለገም። እኛም አላየንም። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው አንባቢ ከሉሲ ጋር ቤት ውስጥ ቀረ።

ሠዓሊዋ፦ ይሄስ ጭካኔ ነው።

መምህሩ፦ እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ። አሁን እንደዚያ አላይም። ልጁ ኳሷ እንደምትሳብበት ያውቃል፤ ካለፈው ዓመት የተለየ ነገር እንደሌለ ያውቃል። ግን ሉሲም ሰው ናት፣ ምናልባት ዘንድሮ ልቧ ይራራ ይሆናል ብሎ ይሮጣል። ገበሬያችን ዝናብ ባሳጣው ማሳ ላይ በዓመቱ ሰሊጥ መልሶ ሲዘራ አላየሽም? ያንን በትንንሽ ሣጥኖች የነገረኝ ሰው ሌላ አላውቅም።

ሠዓሊዋ፦ እኔ ግን አዲስ ነገር አልታየኝም። አባቴ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲሥል መንኮራኩሩ አለ፣ መርዙ አለ፣ አቃጥለው አመዱን ይድራስ ተራራ ላይ ሲበትኑት አለ። ገድለው ጨረስነው ሲሉ በሚቀጥለው ክፈፍ ተነሥቶ ቆሟል። መውደቅና መነሣት ከሆነ እኛ ቀድመናቸዋል።

መምህሩ፦ ቀድመናል፤ አልክድም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ሕማማቱ ክፈፍ በክፈፍ ሲወርድ ቆሜ አይቼ፣ ጋዜጣ ሳይኖር የጋዜጣን ሥራ የሠራ ሥዕል ነው ብያለሁ። ግን ጊዮርጊስን የሚያነሣው አምላኩ ነው፤ ተመልካቹም እንደሚነሣ አምኖ ነው የሚያየው። ቻርሊ ብራውንን ማንም አያነሣውም። ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዱ ሥዕል ወደ ጸሎት ያደርስሻል፤ ሌላው አብሮሽ ይቀመጣል።

ሠዓሊዋ፦ አባቴ አንዱን ክፈፍ ሲጨርስ ብሩሹን ይለውጥና ከላይ በቀጭኑ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል። ዘከመ ገረፍዎ፣ ዘከመ ሰቀልዎ። እንዴት እንደገረፉት፣ እንዴት እንደሰቀሉት ማለት ነው። ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ። ፊደል ሳልቆጥር ያንን ቃል በመልኩ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል በላይ አለ።

መምህሩ፦ እኮ! የጋዜጣው ሥዕል ዘከመ የለውም። በሁለት ሣጥን መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት ታያለሽ? ልጁ እዚህ ሲሮጥ ነው፤ እዚያ በጀርባው ተኝቷል። መውደቁን የሣልሽው አንቺ ነሽ፣ በአእምሮሽ። እንዴት እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። የኛ ግድግዳ ግን ሁሉን ይነግራል፤ ለሰሚው ምንም አይተውለትም።

ሠዓሊዋ፦ እዚህ ላይ አባቴን አላስበድልም ጋሼ። የንግሥተ ሳባን ሸራ ያውቁታል?

መምህሩ፦ አዲስ አበባ ለፈረንጅ የሚሸጠውን?

ሠዓሊዋ፦ ፈረንጅ ይግዛው እንጂ የኛ ነው። ብዙውን ጊዜ 44 ክፈፍ አለው፤ ከዘንዶው ተነሥቶ ታቦቱ እስኪመጣ። አባቴ ሦስት ጊዜ ሠርቶታል። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብር ያበላታል። ማታ ሊተኙ ሲሉ ይማማላሉ፤ እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷ ከቤቱ አንዳች ነገር ላትወስድ። ከዚያ ሠዓሊው ምን ያደርጋል? ክፍሉ መሀል ማሰሮ ያቆማል። አልጋው ወዲህና ወዲያ፣ ማሰሮው መሀል። ሌሊት ውኃ ጥም ይዟት ትነሣለች፤ እሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል። በሚቀጥለው ክፈፍ እጇን ይዟታል፣ ውኃውም እጇ ላይ ነው። አባቴ ከዚያ ክፈፍ በላይ የጻፈው «ንግሥቲቱ ውኃ ስትጠጣ» ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው ስንብቷ ነው፤ ሰሎሞን ቀለበት ሲሰጣት። በመሀሉ የሆነውን የሚያውቅ ያውቃል። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ስቆም ውኃ ብቻ ነበር የማየው።

መምህሩ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ተረታሁ። ይህን ሸራ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ማሰሮውን ግን አላየሁትም።

ሠዓሊዋ፦ አሁን ነብሩን ያምጡት።

መምህሩ፦ «ካልቪን እና ሆብስ» ይባላል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ የላከልኝ ነው። ካልቪን የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ሆብስ ነብሩ ነው። እናትና አባቱ ሲያዩት ጭድ የተጠቀጠቀበት የሚመስል አሻንጉሊት ነው፤ ዓይኑ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ። ልጁ ብቻውን ሲሆን ግን በሁለት እግሩ ቆሞ ይከራከራል፣ ይተናነቃል፣ ይመክራል። ዋተርሰን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 18 ቀን 1985 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1995 ሠርቶት በቃኝ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እውነቱ የትኛው እንደሆነ አልፈረደም። አሻንጉሊት ሆኖ መሸጥ የሚችል ነብር ፈጥሮ አሻንጉሊቱን እንዲሠሩት አልፈቀደም። ሹልዝ ግን ፈቅዷል፤ ውሻው ስኑፒ በየዕቃው ላይ አለ፣ ስሙ እንኳ በ1969 በአፖሎ 10 ጨረቃን ዞሯል።

ሠዓሊዋ፦ መሸጡ ሥዕሉን አያረክሰውም። ቢያረክስ የእኔ ታፔላ ሁሉ ርኩስ ነው።

መምህሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሹልዝን ከፍ የማደርገው ግን በሌላ ነው። ካልቪን ከፍ ይላል፤ በሐሳቡ ወደ ጠፈር ይበራል፣ ዳይኖሰር ይሆናል። ቻርሊ ብራውን የትም አይበርም። እዚያው ሜዳ ላይ፣ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። ለእኔ ከባዱ እሱ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ለእኔ ደግሞ ይሄ። ይቺ የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ያለው ነጭ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ በረዶ። አዲስ የወረደ በረዶ ላይ በመንሸራተቻ ሲወርዱ ነው። ገለጉ ላይ ተቀምጦ ማስረዳት ይከብዳል።

ሠዓሊዋ፦ ማስረዳት አያስፈልግም። ወረቀቱን ነው ያየሁት። ሠዓሊው ምንም አልቀባበትም፤ ወረቀቱን ትቶታል። ልጁንና ነብሩን ባዶ ወረቀት ላይ ለቆ ነው የሄደው። አሥር ዓመት ሠርቶ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ቀላል አይደለም።

መምህሩ፦ ሌላም አለ። ካልቪን ጫካ ውስጥ የቆሰለ የአውሬ ግልገል ያገኛል። ሣጥን ውስጥ አስተኝቶ ሲጨነቅ ያድራል፤ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ልጁ ያለቅሳል። አንድ ተማሪዬ ታናሽ ወንድሙ ሞቶበት ወደ ክፍል ሲመለስ ያንን ገጽ አሳየሁት። ምንም አላለኝም። መጽሐፉን ለሳምንት አቆየውና ሲመልስ ገጹ ላይ የክር ምልክት አድርጎበት ነበር። ክሩ ይኸው፣ አሁንም አለ።

ሠዓሊዋ፦ (ክሩን እያየች) እንግዲያው እኔም የሚያስቸግረኝን ልንገርዎት። የነብሩን ዓይን ሲያነሡ ነው የመጣብኝ። እኛ ቤት የዓይን ሕግ አለ። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ክፉ አንድ። ይሁዳ፣ ገራፊዎቹ፣ ሰይጣን፣ ሁሉም በጎን ይሣላሉ። የዐድዋን ሥዕል ይዩ፤ የኢትዮጵያ ወታደር ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል፣ ጣልያኑ በጎን ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ወገኑን ከጠላቱ ይለያል።

መምህሩ፦ ግሩም ሕግ ነው። አንድ ነጥብ ቀለም ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ፍርድ ይሰጣል።

ሠዓሊዋ፦ ግሩም ነው፤ ግን ይሄ ግድግዳ ያለው ገለጉ ነው። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት አፄ ዮሐንስ የወደቁት እዚሁ በእኛ ቆላ፣ መተማ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎንደር በሱዳኑ ደርቡሽ ተቃጥሏል። ያ ሲሣል ደርቡሹ በአንድ ዓይን ቢሣል አልገረምም። ዛሬ ግን ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት ሸሽቶ ከሱዳን የመጣው ሰው አጠገቤ ቡና ይጠጣል፤ ልጁ እዚህ ግድግዳ ሥር ይጫወታል። እሱን በስንት ዓይን ልሣለው? ባለፈው ሳምንት የቡና ቤት ታፔላ ስጽፍ አንድ የሱዳን ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው የድሮ መጽሔት አሳዩኝ። «አስ-ሲብያን» ይባላል፣ ልጆች ማለት ነው አሉኝ።

መምህሩ፦ አውቀዋለሁ! ካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረ ነው። በእኛ ልጅነት ነጋዴ ይዞት ይመጣ ነበር።

ሠዓሊዋ፦ ውስጡ ዐማክ ተንጎ የሚባል ሰውዬ አለ፤ አጎትህ ተንጎ እንደማለት ነው። የሣለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሸርሐቢል አሕመድ።

መምህሩ፦ ዘፋኙ? የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የሚሉት?

ሠዓሊዋ፦ እሱ ራሱ። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲም ጊታር ትጫወትለት ነበር፤ በሱዳን ጊታር የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት አሉኝ። ሽማግሌው ቤታቸውን ጥለው ነው የወጡት። የመጽሔቱን ሥዕል ግን በስልክ ይዘውታል። ለልጅ ልጃቸው ሲያሳዩ ድምፃቸውን እየለዋወጡ ያነቡለታል።

መምህሩ፦ የቤቱ ቁልፍ የቀረበት ሰው ካርቱን ይዞ ይሄዳል። የፍልስጤሙን ሐንዘላ አስታወስሽኝ። ናጂ አል-ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1969 ኩዌት ጋዜጣ ላይ የሣለው ልጅ ነው። አሥር ዓመቱ ነው፣ ባዶ እግሩን ነው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። አገሩ እስኪመለስ አያድግም፣ አይዞርምም። ሠዓሊውን በ1987 ለንደን ላይ በጥይት ገደሉት።

ሠዓሊዋ፦ ታዲያ ልጁ አንድም ዓይን የለውም ማለት ነው።

መምህሩ፦ አለው፤ የምናየው ግን እሱ የሚያየውን ነው።

ሠዓሊዋ፦ እሺ፣ ለግድግዳው ሁሉንም በሁለት ዓይን ሣልኩ እንበል። ልጁ ክፉውን በምን ይለያል? አባቴ ይህን ቢሰማ ሥዕሉ መላ የለውም ይለኛል።

መምህሩ፦ ኳሷን የያዘችውን ሉሲን ተመልከቻት። ስንት ዓይን አላት?

ሠዓሊዋ፦ ሁለት።

መምህሩ፦ ቻርሊ ብራውንስ?

ሠዓሊዋ፦ ሁለት። በጎን የተሣሉበትም አለ፤ እሱም እሷም።

መምህሩ፦ አየሽ፣ በጎን መሣል እዚህ ፍርድ አይደለም። ኳሷን የምትስበው እሷ ናት፤ ግን ሠዓሊው ዓይኗን አልወሰደባትም። አንባቢው ራሱን አንድ ቀን በእሱ ቦታ፣ አንድ ቀን በእሷ ቦታ ያገኘዋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የአባትሽ ሕግ ይጽና፤ እዚያ የሚሣለው የተፈረደ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ ግን ገና አልተፈረደበትም።

ሠዓሊዋ፦ (ከሰሉን አንሥታ) አንድ ልጅ አለችኝ እንግዲያው። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ትቆማለች። ተራዋ ሊደርስ ሲል የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ከፊቷ ያለው ልጅ ከሱዳን የመጣው ነው። ቦታውን ይልቀቅላት አይልቀቅላት አላውቅም።

መምህሩ፦ አትወቂ። በየሳምንቱ ሌላ ግድግዳ ቢኖርሽ ምን ነበረበት! የኛ አገር ጋዜጣ እኮ ይህን ቦታ ሲሰጠን አላየሁም። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል። በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ማግሥት የግል ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ፤ የባለሥልጣን ካርቱን በየገጹ ነበር፣ ብዙ ስቀንበታል። ግን የዚያ ሳምንት ሹም ሲወርድ ሥዕሉም አብሮ ይሞታል። ከዓመት ዓመት የሚመለስ፣ ስሙን ጠርተን የምንጠብቀው አንድ ልጅ እኔ አላስታውስም። እ.ኤ.አ. በ2018 የበሥራት ደበበ የካርቱን መጽሐፍ «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲወጣ ደስ ብሎኛል፤ ልዩ ኃይል ያለው ጀግና አገኘን። ኃይል የሌለው፣ ጀሪካን የያዘ ሰው ግን ይቀረናል። ጋዜጣ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ከገጻችሁ ታች አራት ጣት ቦታ በየሳምንቱ ለአንድ ሠዓሊ ስጡ፣ አሥር ዓመትም ታገሡት።

ሠዓሊዋ፦ ሹልዝ በጠቅላላው ስንት ሠራ?

መምህሩ፦ 17,897።

ሠዓሊዋ፦ ለእኔ የተሰጠኝ ስድስት ነው። «ዘከመ»ን አልጽፍበትም። ቅዳሜ እጀምራለሁ፤ ቢጫው ቀለም ጎንደር ነው ያለው።